«ብረቱን ከቤቴ አውጣ» አለኝ አባቴ

ሰላም እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ ከእህቴ ጋር ሆነን ነው የምናነበው። ይሄን ግን እሷም ሳታውቅ ነው የምጽፍልዎ።

27 ዓመቴ ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ከቤተሰቦቼ ጋር እኖራለሁ። የማስታወቂያ ዲዛይን እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ እንደ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኛ የብረት ልብስ ለብሰው የሚጋጠሙ ሰዎች አየሁ። ትወና አይደለም፤ በእውነት ነው የሚማቱት። ሰይፉ አልተሳለም እንጂ ብረቱ ብረት ነው። ስፖርቱን ቡሁርት ይሉታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን አምስት ሆነናል። እሑድ እሑድ ጃንሜዳ አጠገብ አንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ እንለማመዳለን። ከውጭ ማስመጣት አቅማችን ስላልሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ብረት ቀጥቃጭ አግኝተን ከበርሜል ቆርቆሮ ራስ ቁርና የደረት ብረት አሠራን። ሰይፉንም እሱ ነው የሠራልን። ባለፈው ዓመት የደረሰኝ ዕቁብ እዚያ ላይ አልቋል። አልቆጨኝም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ ነው የምውለው። እዚያ ግቢ ስገባ ግን ነፍስ እዘራለሁ። ልጆቹም እንደ ወንድም ሆነውኛል።

ችግሩ አባዬ ነው። ትውልዱ ሰላሌ ነው። ወጣት ሆኖ ወታደር ቤት ገባ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ሹፌር ሆኖ ሠራ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አውርቶልን አያውቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ የድሮ የጦር ሜዳ ጓደኛው ይመጣል። ከእሱ ጋር ብቻ ሲሆን ይስቃል።

ከሁለት ወር በፊት የጓደኛዬ ግቢ ሰው ስለነበረበት እኛ ቤት ተለማመድን። አባዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ነበር። የሰይፉን ድምፅ ሲሰማ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወጣ። ራስ ቁር ደፍቼ ሲያየኝ ባለበት ቆመ። ረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ «ብረቱን ከቤቴ አውጣ። ካልሆነ ከነብረትህ ውጣ» ብሎኝ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰላምታ ሌላ ቃል አላወጣም። እማዬ በመሃል ልቧ እየተሰበረ ነው። «ይሄ ነገር ጤና አይደለም» ብላ ጸበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች።

ዕቃውን ጓደኛዬ ቤት አስቀምጬ «ተውኩት» አልኳቸው። አልተውኩትም። እሑድ «ኳስ ልጫወት» እያልኩ ነው የምወጣው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጭንቅላቴን ተመትቼ ጥቂት ቀን ራሴን አመመኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ስለተሻለኝ ተጫወትኩ። እማዬ ግንባሬን አይታ ስትጠይቀኝ «ኳስ ነው» አልኳት። መዋሸቱ ከብዶኛል። ጥር ላይ ደግሞ ለወዳጅ ዘመድ ትንሽ ትርዒት ልናሳይ አስበናል።

ልተወው? ተደብቄ ልቀጥል? ወይስ ቤት ተከራይቼ ልውጣ? ጓደኞቼ «የራስህን ኑሮ ኑር» ይሉኛል። አባዬን ግን እወደዋለሁ።

ከስድስት ኪሎ

*

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ከአባትህም ከትርዒቱም በፊት ስለ እሷ እናውራ።

«ጭንቅላቴን ተመትቼ ጥቂት ቀን ራሴን አመመኝ» ብለህ ቶሎ አለፍካት። እኔ ማለፍ አቃተኝ። ስንት ቀን ነው ያመመህ? ብርሃን ይረብሽህ ነበር? ያቅለሸልሽህ ነበር? ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ፊደሉ ይደበላለቅብህ ነበር? የተመታህባትን ደቂቃ ራስህ ታስታውሳታለህ ወይስ ልጆቹ ናቸው የነገሩህ? ለእኔ ሳይሆን ለራስህ በእውነት መልስ።

ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት ነገር አለ። አጥንት ሳይሰበር፣ ደም ሳይፈስ፣ አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ የሚመጣ ጉዳት ነው። ራስ ቁር አጥንትህን ያድንልሃል። ውስጡ ያለው አንጎል እንዳይናወጥ ግን ሙሉ በሙሉ ሊያደርግ አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው፣ የመጀመሪያው ምት ሳይድን ሁለተኛ ሲደገም ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም አንጎል አብጦ የሰው ሕይወት የጠፋበት አለ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2023 ለአማተር ስፖርተኞች የወጣው መመሪያ፣ ኮንከሽን አለበት ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ውድድር እንዳይመለስ ይላል። አንተ የተመለስከው በሳምንትህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስትሄድ ደግሞ «ኳስ ነው» እንዳትል። «በብረት ሰይፍ፣ ራስ ቁር አድርጌ ነው የተመታሁት» በል። ቢገረም ይገረም። አመታቱን ካላወቀ ምርመራው ጎዶሎ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ራስ ቁሩን አትድፋ፤ ለቀልድም ቢሆን። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከህ፣ ንግግር ካደናቀፈህ ወይ አንድ ጎንህ ከሰነፈ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ይሄን ካልኩህ በኋላ አንድ ነገር ልንገርህ። ጨዋታህ ያስቀኛል ብለህ ፈርተህ ከነበረ፣ አልሳቅኩም። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ነገሩን ለማወቅ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ ብዙም አየሁ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1966 ጥቂት ወጣቶች በአንድ ቤት ጓሮ የጀመሩት ጨዋታ ዛሬ በብዙ አገር ትልቅ ማኅበር ሆኗል። እነሱ የሚማቱት ራታን ከሚባል ተክል በተሠራ ዱላ ነው። የእናንተው በብረት የሚደረገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩክሬን ውስጥ ሖቲን በተባለ አሮጌ ምሽግ አገሮች የተጋጠሙበት ትልቅ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ በጣም ተስፋፍቷል። ደንቡም ጠንካራ ነው። መውጋት ክልክል ነው። ማጅራት፣ ብሽሽት፣ የጉልበት ኋላና የእግር መርገጫ አይመታም። በቡድን ግጥሚያ ከሁለት እግሩ ሌላ የሰውነቱ ክፍል መሬት የነካ ሰው ከጨዋታ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ኪሎ የሚደርስ ብረት ተሸክሞ መጋጠም በየትም አገር ከባድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚያጥር አንተ ታውቀዋለህ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ወጣት እዚህ ውስጥ ነፍስ ቢዘራ አይገርመኝም። «ተወው» ለማለት አልቸኩልም።

የማልስማማበት በርሜሉ ላይ ነው። የምናለሽ ተራ ሰዎች እጃቸው ወርቅ ነው፤ ከወዳደቀ ብረት የማይሠሩት የለም። ነገር ግን የበርሜል ቆርቆሮ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ብዙም አይዘልም። ለዚህ ጨዋታ የሚሠራ ራስ ቁር 2 ሚሊ አካባቢ ይፈልጋል። ውፍረቱ ብቻ አይደለም። ብረቱ ራስህ ላይ ማረፍ የለበትም። ውስጡ ወፍራም ልባስ ኖሮት ከራስ ቅልህ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ አገጭህ ላይ በደንብ መታሰር አለበት። የዓይኑ ክፍተት የማንም ሰይፍ ጫፍ የማይገባበት ጠባብ መሆን አለበት። የአንተ ቁር ውስጥ ምን አለ? ጨርቅ ጠቅልለህበት ከሆነ የራስ ምታትህ አንዱ ምክንያት እዚያ ሊሆን ይችላል። ከደረቱ ብረት ሥርስ ምን ትለብሳለህ? በዚያ ዘመን ወታደሩ ከብረቱ ሥር ጨርቅ ተደራርቦ የተሰፋ ወፍራም ልብስ ነበረው። ብረት መግዣ ያጣው ድሃ ወታደር እሱን ብቻ ለብሶ ይዘምት ነበር። አቡጀዲ ደራርቦ፣ ጥጥ ሞልቶ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚሰፋላችሁ ባለሙያ መርካቶ አይጠፋም። ሌላ ዕቁብ ከደረሰህ መጀመሪያ ለዚህ አውለው። ስላለቀው ብር ግን አልወቅስህም፤ ላብህ ነው።

አሁን ወደ አባትህ።

አባትህ በባዶ እግራቸው እየሮጡ ነው የወጡት። አንተው ነህ የጻፍከው። ሰይፍ የያዘ ልጃቸውን ሊቆጡ የሚወጡ አባት ጫማቸውን አጥልቀው ነው የሚወጡት። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው የብረት ድምፅ ሰምቶ ሳያስብ ብድግ ካለ፣ የሮጠው ወደ አንተ ግቢ ነው ወይስ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደነበረበት ቦታ? እርግጡን አላውቅም። ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ ግን ልቤ ነግሮኛል።

አጎቴ እንደ አባትህ የዚያ ዘመን ወታደር ነበር። ለፋሲካ በግ ሊታረድ ቢላው ድንጋይ ላይ መሳል ሲጀምር ተነሥቶ ከቤት ይወጣል። የግቢውን በር ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። እኛ ልጆች «ደም ይፈራል» እያልን እንስቅበት ነበር። ዶሮ ግን ራሱ ያርድ ነበር። የሚሸሸው ድምፁን እንደሆነ የገባን ካረፈ በኋላ ነው፤ አክስቴ ናት የነገረችን። በሕይወት ሳለ ከመካከላችን አንድ ሰው አልጠየቀውም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው ላንተ እንዲህ የማስረዝመው።

ሦስት መንገድ ዘርዝረህልኛል። ተደብቄ ልቀጥል ያልከው አሁንም እያደረግከው ያለው ነው፤ ምን እንዳመጣብህም አይተሃል። ጭንቅላትህ ሲመታ ቤትህ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ሌሊት ተኝተህ ቢብስብህ እናትህ ለሐኪም «ኳስ ነው» ነበር የሚሉት። ይሄን መንገድ ዝጋው። ተከራይቶ መውጣት በ27 ዓመት ነውር የለበትም፤ ኪራዩ ከቻለህ አንድ ቀን ትወጣለህ። ተኳርፎ መውጣት ግን ሌላ ነው። አባትህ «ልጄ ከእኔ ብረቱን መረጠ» ብለው ነው የሚያድሩት፤ አንተም እዚያ ግቢ ስትገባ እንደ ድሮው ደስ አይልህም። መተው? ምናልባት ይመጣል። ግን ገና ከአባትህ ጋር ሳትነጋገር ብትተወው ቂም ነው የሚሆንብህ፤ እሳቸውም ልጃቸው ምን እንደሚወድ ሳያውቁ ይቀራሉ።

ስለዚህ ከሐኪም ከተመለስክ በኋላ አነጋግራቸው። እናትህና እህትህ በሌሉበት፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ረጅም ንግግር አታዘጋጅ። «አባዬ ዋሽቼሃለሁ። አልተውኩትም። ጭንቅላቴንም ተመትቼ ነበር፤ ታክሜያለሁ። ያን ቀን ስላስደነገጥኩህ ይቅርታ አድርግልኝ» በል። እዚህ ላይ አቁም። «ግን» እንዳትጨምር። ስለ ደንቡ፣ ስለ አውሮፓ፣ ስለ ጓደኞችህ በዚያን ቀን አንድም ቃል አታውራ። ቢቆጡህ ቻለው። ዝም ካሉም አብረህ ዝም በል፤ ተነሥተህ አትሂድ።

ሌላ ቀን፣ ነገሩ ትንሽ ሲለዝብ፣ «ያን ቀን ስትወጣ ምን መስሎህ ነው?» ብለህ ጠይቃቸው። ላይመልሱ ይችላሉ። አትጎትጉታቸው። ጥያቄው እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ።

የድሮ ጓደኛቸውንም ለብቻህ አግኛቸው። ሽማግሌ ሆነው ጨዋታውን እንዲያስፈቅዱልህ አይደለም፤ እንዲህ ካደረግክ አባትህን የከዱት ሰዎች ሁለት ይሆናሉ። «አባቴን ምን እንዳስደነገጠው መረዳት እፈልጋለሁ፤ እንዴት ልቅረበው?» ብለህ ጠይቃቸው። የጦር ሜዳን ቋንቋ እሳቸው ያውቁታል። ሊነግሩህ የሚችሉትን ያህል ይነግሩሃል፤ የማይነገረውንም ይዘው ይቀራሉ። ሁለቱንም አክብርላቸው።

አባትህ የሰላሌ ልጅ ናቸው ብለሃል። ሰላሌ ደግሞ የፈረስ አገር ነው። ልጅ ሆነው ጉግስ አይተው ይሆን? ተጫውተውስ ቢሆን? ፈረሰኛው ዘንግ ይወረውራል፤ ያኛው በጋሻ ይመክታል፤ እያባረሩና እየሸሹ ይውላሉ። አንተ ከሩቅ አገር ያመጣኸው ጨዋታ እኛም ዘንድ ዘመድ አለው። ጥሩርና ራስ ቁር የሚሉትን ቃላት እንኳ አባትህ ከጎልያድ ታሪክ ያውቋቸዋል። ስለ ጉግስ ጠይቃቸው። አደራህን ግን፣ «ታዲያ የእኔስ በምን ይለያል?» ለማለት ብለህ አትጠይቅ። አባት እንዲህ ያለውን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ስለ ልጅነታቸው መስማት ስለምትፈልግ ጠይቅ።

ከጓደኞችህ ጋር ደግሞ የምትነጋገረው አለ። ብረቱን ለጊዜው አስቀምጡትና በዱላ ተለማመዱ። ሽመል ወይም ሌላ ቀላል እንጨት ቆርጣችሁ፣ ጨርቅ ጠቅልላችሁበት። የበርክሌይ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዱላ ነው የሚጋጠሙት፤ ማንም «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሏቸው አያውቅም ለማለት ባልደፍርም ስልሳ ዓመት ገደማ ቆይተዋል። የተሻለ ራስ ቁር እስክታሠሩ ድረስ ጭንቅላት አይመታም በሉ። ከአምስታችሁ አንዱ በየተራ የማይጫወት ዳኛ ይሁን። እሱ «በቃ» ሲል ሁሉም ይቁም። ጭንቅላቱን የተመታ ያን ቀን አይመለስም፤ «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ቢለምንም። ይሄን የማይቀበል ጓደኛ ካለ እውነቱን ልንገርህ፣ ከእሱ ጋር ሰይፍ አትማዘዝ።

ብረቱ እናንተ ቤት አይግባ። በድብቅ ሳይሆን፣ «ቃልህን አክብሬ ጓደኛዬ ቤት ነው ያለው» ብለህ ለአባትህ ነግረህ። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ በግቢያቸው ያንን ድምፅ ዳግመኛ ላለመስማት መጠየቅ መብታቸው ነው። በመንገድም ይዘኸው አትዙር። ከሩቅ ሲታይ ሰይፍ ሰይፍ ነው፤ ያልተሳለ መሆኑን የሚያውቀው የያዘው ብቻ ነው።

እናትህ ጸበል ካሉህ እምቢ ብለህ አታሳዝናቸው። እምነትህ ከሆነ አብረሃቸው ሂድ፤ መንገድ ላይ እጃቸውን ይዘህ እውነቱን ንገራቸው። ሐኪሙን ግን ጸበሉ አያስቀረውም። እህትህንስ ለምን ደበቅካት? ይሄን ዓምድ አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ እስካሁን አውቃሃለች።

ስለ ጥር ወሩ ትርዒት፣ አሁን ቀን አትቁረጡ። ጥምቀት ሲደርስ ጃንሜዳ አካባቢ ሕዝቡም ፍተሻውም ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ በዚያ ሰሞን ሰይፍ ይዞ ሰው መጥራት አያዋጣም። ወደ ፊት ስታስቡም አስቀድማችሁ የወረዳውን ፖሊስ አነጋግሩ፣ ግቢው ውስጥም የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ይኑር። አባትህ ይምጡ አይምጡ የሚለውን ያን ጊዜ ለእሳቸው ተወው።

መጀመሪያ ሐኪሙ። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።